በማርች ላይ የተወሰነ የኦገስት ውድድር፦ ኃይሌ ገብረሥላሴ ከቤጂንግ ማራቶን የቀረበት ጉዳይ

እሑድ ኦገስት 24 ቀን 2008 ጠዋት የቤጂንግ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ከቲያንአንመን አደባባይ ሲነሣ፣ የርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ከተሰለፉት ሯጮች መካከል አልነበረም። ያልተገኘበት ምክንያት ደግሞ በዚያ ጠዋት የትም የሚታይ አልነበረም፤ ለወራት ያነጋገረው የከተማዋ ጭጋግ ተገፎ ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይም ወጥታለች። የ21 ዓመቱ ኬንያዊ ሳሙኤል ዋንጂሩ በዚያ ሙቀት 2፡06፡32 ገብቶ ከ1984 ጀምሮ የቆየውን የካርሎስ ሎፔዝን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሲያሻሽል፣ ከእኛ በኩል ጸጋዬ ከበደ ስታዲየም ውስጥ ድሪባ መርጋን ቀድሞት ነሐሱን ወሰደ። ውድድሩን የተከታተለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ኃይሌ ቢኖርስ?» ብሎ ሳይጠይቅ የቀረ አይመስለኝም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን ጥያቄ ሳይሆን ከእርሱ የሚቀድመውን ነው፦ አንድ ሰው ስለ ገዛ አካሉ በሚያውቀው ነገር ላይ ተመሥርቶ ልምምዱን፣ ውድድሩንና የዓመቱን አካሄድ እንዴት ይወስናል? የኃይሌን የ2008 ዓመት የመረጥሁት ውጤቱ ስላማረ ብቻ አይደለም። ውሳኔው አንድ ጊዜ የተሳሳተ፣ ሌላ ጊዜ ትክክል መስሎ የታየ በመሆኑ በውሳኔና በውጤት መካከል ያለውን ልዩነት ከሌሎች ጉዳዮች ይልቅ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአካሉ ታሪክ

ኃይሌ በ1973 በአርሲ፣ አሰላ ተወለደ። ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጥ እንደነበርና በግራ ክንዱ ደብተሮቹን አቅፎ ይዞ ስለነበር፣ ዓለም ካወቀው በኋላም ያ ክንድ ሲሮጥ ጠበቅ፣ ወደ ደረቱ ጠጋ ብሎ መቅረቱን ያልሰማ የለም። ወሬው ከመለመዱ የተነሣ ቁም ነገሩ ተዘንግቷል። የሩጫ ሥልት መጻሕፍት ሁለቱ ክንዶች እኩል ይወዛወዙ ይላሉ። የእርሱ ግን እኩል አልነበሩም፤ እንደዚያው ሆኖ በ10 ሺህ ሜትር አራት ጊዜ የዓለም፣ ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነ። አካሉ በልጅነቱ ያበጀለትን ሚዛን ለማስተካከል ጊዜ አልባከነም፤ እኔም ይህ መተው በራሱ አንድ የልምምድ ውሳኔ ነው ባይ ነኝ።

እግሩ ግን እንደ ክንዱ ዝም የሚባል አልነበረም። ኃይሌ በእግሩ ፊት እያረፈ የሚሮጥ፣ በመም ላይ ላለው ፈጣን አጨራረስ የተመቸ አትሌት ነበር፤ የዚህ አረጋገጥ ዋጋ የሚከፈለው ደግሞ በባትና ባትን ከተረከዝ በሚያገናኘው የአኪለስ ጅማት ነው። በ1996 አትላንታ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ካጠለቀ በኋላ ጠንካራው መም እግሩን ስላቆሰለው ከ5 ሺህ ሜትሩ ራሱን አገለለ። በ2000 ሲድኒ ላይ ጅማቱ እያመመው ሮጦ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመ። በ2004 አቴንስ ግን ያው ሕመም ወሳኝ የሆኑ የልምምድ ሳምንታት ነጥቆት ነበርና አምስተኛ ወጣ፤ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን እየዘገዩ ሊጠብቁት ሲሞክሩ የታየበት፣ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ፊት ሆነን ያለቀስንበት ውድድር ያ ነው። ከዚያ በኋላ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ፊቱን ወደ ጎዳና ሩጫ አዞረ።

እነዚህን ሦስት ኦሊምፒኮች ጎን ለጎን ያስቀመጥሁት በምክንያት ነው። አንድ አትሌት በአትላንታ አካሉን ሰምቶ አንድ ውድድር ተወ፤ በሲድኒ ሳይሰማ ሮጦ አሸነፈ፤ በአቴንስ ሳይሰማ ሮጦ ተሸነፈ፣ ቆይቶም በቀዶ ሕክምና ከፈለ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው የተሳሳተ ትምህርት ይዞ ይሄዳል። ሲድኒን ብቻ ያየ «ሕመምን መቻል ነው» ይላል። በ2008 ውሳኔ ላይ የተቀመጠው ሰው ግን ሦስቱንም የኖራቸው ነው።

ሳንባው

ኃይሌ አካላዊ እንቅስቃሴ የሚቀሰቅሰው አስም አለበት። ይህ ዓይነቱ አስም ለማያውቀው ሰው ግራ ያጋባል፤ ባለቤቱ ተቀምጦ ሲያወራ ምንም የለበትም፣ ደረጃ ወጥቶ ሲወርድም ላያስቸግረው ይችላል። ችግሩ የሚመጣው አተነፋፈስ ከመጠን ሲጨምር ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ገደማ አየር ያስገባል፤ ውድድር ላይ ያለ የረጅም ርቀት ሯጭ ከ100 ሊትር በላይ ይስባል። ያን ያህል አየር በአፍንጫ ተጣርቶ፣ ሞቆና ረጥቦ ሊገባ ስለማይችል በአፍ በኩል እንዳለ ይገባና የመተንፈሻ ቱቦዎችን ውስጠኛ ገጽ ያደርቃል። የደረቀው ገጽ ይቆጣል፣ እንደ ሂስታሚን ያሉ ንጥረ ነገሮች ይለቀቃሉ፣ በቱቦዎቹ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ይጨማደዱና መተላለፊያው ይጠባል። በዚህ ላይ አየሩ የአበባ ብናኝ፣ ኦዞን ወይም የተሽከርካሪና የፋብሪካ ጭስ ከያዘ፣ ቁጣው ይብሳል።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሳንባ ወሳኙ ነገር የፍጥነቱ ብርታት ብቻ አይደለም፤ የሚስበው አየር ጠቅላላ መጠንም ነው። በደቂቃ 100 ሊትሩን እንደ ዝቅተኛ መነሻ ብንወስድ፣ 27 ደቂቃ የሚፈጀው የ10 ሺህ ሜትር ውድድር 2,700 ሊትር አየር ያስገባል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚዘልቀው ማራቶን ግን ከ12 ሺህ ሊትር ይበልጣል። ጉዳዩ በሙሉ የተንጠለጠለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ላይ ስለሆነ አንባቢ እንዲይዛቸው እፈልጋለሁ።

አሁን የማራቶን ውጤቶቹን በወቅት እንደርድራቸው። ኤፕሪል 2006፣ ለንደን፦ ዘጠነኛ፣ 2፡09፡05። ሴፕቴምበር 2006፣ በርሊን፦ አንደኛ፣ 2፡05፡56። ዲሴምበር 2006፣ ፉኩኦካ፦ አንደኛ፣ 2፡06፡52። ኤፕሪል 2007፣ ለንደን፦ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደረቱን ወግቶት መተንፈስ አቅቶት አቋርጦ ወጣ፤ ምክንያቱ በአየሩ ውስጥ የነበረው የአበባ ብናኝ ያስነሣበት አለርጂ ሆኖ ተገኘ። ሴፕቴምበር 2007፣ በርሊን፦ 2፡04፡26፣ የዓለም ክብረ ወሰን፤ ያም የእኛን ሚሌኒየም በተቀበልን በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ጃንዋሪ 2008፣ ዱባይ፦ አንደኛ፣ 2፡04፡53። በ2002 በዚያው በለንደን ኤፕሪል 2፡06፡35 ሮጦ ሦስተኛ መውጣቱ ከዚህ መስመር ያፈነግጣል፤ መደበቅ አያስፈልገውም። ያም ሆኖ ዝርዝሩ ከአትሌት ውጤት ይልቅ የአለርጂ ሐኪም የቀን መቁጠሪያ ይመስላል። እግሩ በኤፕሪልም በሴፕቴምበርም ያው እግር ነው። የሚለወጠው አየሩ ነው።

ብዙ አሰልጣኞች እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲያዩ የሚፈልጉት የልምምድ ጉድለት ነው፤ ኪሎ ሜትሩ አነሰ፣ ፍጥነቱ ጎደለ፣ ዳገቱ በዛ ይላሉ። ለንደን ላይ ያቋረጠው ሰው ከአምስት ወር በኋላ የዓለምን ክብረ ወሰን መስበሩ ግን የልምምዱ መሠረት ጤነኛ እንደነበር ይመሰክራል። የእያንዳንዱን ሰው ልምምድ ለራሱ መስፋት ሲባል፣ ስንት ኪሎ ሜትር በሳምንት ከሚለው በፊት የት፣ መቼና በምን አየር የሚለው የሚቀድምበት ሰው አለ።

ውሳኔው

በማርች 2008 ኃይሌ የቤጂንግን ማራቶን እንደማይሮጥ አስታወቀ፤ ምክንያቱ የከተማዋ የአየር ብክለት ለአስሙ አደገኛ መሆኑ ነበር። ስጋቱ የአንድ ሰው ቅዠት አልነበረም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ዣክ ሮግ ቀደም ብለው በኦገስት 2007 አየሩ ካልተሻለ የጽናት ውድድሮች ሊዘገዩ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። ቻይናም በኋላ ፋብሪካዎችን አስቁማ፣ ግንባታ ገትታ፣ ከጁላይ 20 ጀምሮ ተሽከርካሪዎች በሰሌዳ ቁጥራቸው ጎዶሎና ሙሉ እየተፈራረቁ እንዲነዱ ማዘዟ የችግሩን ልክ ይናገራል። እንግዲህ ኃይሌ በማርች ሲወስን የነበረው መረጃ የተበከለ ከተማና ገና ያልተረጋገጠ ተስፋ ነው፤ የኦገስት 24ቱ ሰማይ እንደሚጠራ የሚያውቅ አልነበረም።

በፊቱ ሦስት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው በሐኪም መድኃኒት ታግዞ ማራቶኑን መሮጥ ነው፤ ወርቁ ቢመጣ ዘመኑን በሙሉ የሚያስረሳ ይሆን ነበር፣ ካልመጣ ግን የለንደኑ 30ኛ ኪሎ ሜትር በቤጂንግ ይደገማል። ሁለተኛው ኦሊምፒኩን ጨርሶ ትቶ በሴፕቴምበር ለሚካሄደው የበርሊን ማራቶን መዘጋጀት ነው። የጎዳና ሩጫ ገንዘብ የት እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላሉ ምርጫ ነበር። እርሱ የመረጠው ሦስተኛውን ነው፦ ወደ ቤጂንግ መሄድ፣ ነገር ግን በ10 ሺህ ሜትር።

ይህን ምርጫ ከልብ የማደንቀው ፍርሃቱን ስለለካው ነው። «አየሩ አይስማማኝም» ብሎ በደፈናው ከመቅረት ይልቅ የትኛው መጠን እንደማይስማማው ለየ። ሳንባው ሁለት ሰዓቱን አይችልም ይሆናል እንጂ ግማሽ ሰዓቱን አይችልም ማለት አይደለም። በግል የተቃኘ ልምምድ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ደስ የሚለውን መምረጥ፣ የማይመቸውን መተው ተደርጎ ሲወራ እሰማለሁ። እዚህ የምናየው ከዚያ የራቀ ነው፤ የመረጠው ርቀት በ35 ዓመቱ በጣም የሚከብደው፣ የአጨራረስ ፍጥነት የሚጠይቅና ቀነኒሳ በቀለ የነገሠበት ነበር።

በዚያ ላይ ቦታው በስም አይሰጥም፤ በሰዓት ነው የሚገኘው። በሜይ 2008 ኔዘርላንድስ ውስጥ ሄንግሎ ላይ ስለሺ ስህን 26፡50.53 ሲገባ ኃይሌ 26፡51.20 ሮጦ ሁለተኛ ሆነ። ከአራት ወር በፊት ዱባይ ላይ ማራቶን ያሸነፈ፣ 35 ዓመት የሞላው ሰው ያስመዘገበው ሰዓት ነው። ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የማራቶን ሯጭ ወደ መም ሲመለስ ረጅሙን ሩጫ አሳጥሮ በምትኩ ፈጣን ድግግሞሾችን ማስገባት አለበት፤ ፈጣን ድግግሞሽ ደግሞ በእግሩ ፊት ለሚረግጥና ጅማቱን በቀዶ ሕክምና ለታከመ ሰው የራሱ አደጋ አለው። አንዱን አካል ለማዳን ሌላውን ማጋለጥ ነበረበት ማለት ነው። የሄንግሎው ውጤት የሚነግረን ያንን ገመድ ሳይወድቅ መሻገሩን ነው።

ኦገስት 17 የ10 ሺህ ሜትሩ ፍጻሜ ተካሄደ። ቀነኒሳ በ27፡01.17 ወርቁን ወሰደ፣ ስለሺ ተከተለው፤ ኃይሌ በ27፡06.68 ስድስተኛ ሆነ። ከወርቁ የራቀው በአምስት ሰከንድ ተኩል ነው፤ በመጨረሻው ዙር ወጣቶቹ ሲፈተለኩ አብሯቸው የሚፈተለክ እግር አልነበረውም። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ማራቶኑ በጠራ ሰማይ ሥር ተሮጠ። ያን ዕለት ጉዳዩን ዘግቶ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ቢኖር «ሜዳሊያውንም አጣ፣ ማራቶኑንም አጣ» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም ነበር።

42 ቀናት

ከኦገስት 17 እስከ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2008 ያለው ጊዜ ልክ 42 ቀን ነው፤ ለማራቶኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ቀን። በመስቀል ማግስት፣ የበርሊን ጎዳና ላይ ኃይሌ የመጀመሪያውን ግማሽ በ62 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን በ61 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ሮጦ 2፡03፡59 ገባ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች ማራቶን የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛ የወጣው ጄምስ ክዋምባይ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ዘግይቶ ደረሰ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውላለሁ። የመጀመሪያው የስሌት ጉዳይ ነው። የቤጂንግን ማራቶን ቢሮጥ ኖሮ እስከ በርሊን የሚቀረው 35 ቀን ብቻ ነበር። በዚያ ሙቀት ማራቶን የጨረሰ አካል ደግሞ በአምስት ሳምንት ውስጥ አገግሞ፣ እንደገና ተዘጋጅቶ ክብረ ወሰን ይሰብራል ብሎ የሚያቅድ አሰልጣኝ የለም። የ10 ሺህ ሜትር ውድድር ግን ድካሙ በቀናት ይለቃል። ሁለተኛው ከልምምዱ ጋር የተያያዘ የራሴ ግምት ነው። በሄንግሎ የሮጠው ፍጥነት በኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ያህል ነው፤ የበርሊኑ ደግሞ 2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ። ለወራት በ2፡41 የተገራ እግርና ሳንባ 2፡56ን የሚቀበለው እንደ መዝናናት ባይሆንም እንደ እፎይታ ነው። ለአስሙ ሲል የመረጠው ርቀት ለማራቶኑ የፍጥነት መጠባበቂያ አበጀለት፤ ሁለተኛው ግማሽ ከመጀመሪያው የፈጠነውም በዚህ ይመስለኛል።

ይህንን ስል በርሊን የማርቹን ውሳኔ «ትክክል አደረገው» ማለቴ አይደለም። የቤጂንግ የጠራ ሰማይ ውሳኔውን ስሕተት ካላደረገው፣ የበርሊን ሰዓትም እውነት አያደርገውም። ውሳኔው ትክክል የነበረው በማርች ነው፤ ለንደንን፣ አቴንስንና በወቅቱ የነበረውን የቤጂንግ አየር ይዞ የተወሰነ ስለነበር። በኦገስት አየሩ እንደተፈራው ጠቁሮ፣ ኃይሌም በሴፕቴምበር ባቱን ታምሞ በርሊንን አቋርጦ ቢሆን ኖሮ እንኳ ፍርዴ ያው ነው።

ከኃይሌ ሌላ፣ ለውድድር የማይሮጥ አስመኛ አንባቢ ከዚህ የሚወስደው የርቀቱን መጠን ሳይሆን የአስተያየቱን መንገድ ነው። ጠዋት በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት የሚመጣው ሰውና 2 ሰዓት ላይ ሚኒባሶቹ ጭሳቸውን እየለቀቁ ሲጨናነቁ የሚመጣው ሰው አንድ ዓይነት ልምምድ እየሠሩ አይደለም፤ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም «30 ደቂቃ ሩጫ» ናቸው። የሚያስልበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የነበረውን አየር ለሁለት ወር በደብተር የመዘገበ ሰው እንደ ኃይሌ የማራቶን ዝርዝር የሚነበብ ነገር ይኖረዋል። ቀስ ብሎ በደንብ ማሟሟቅ፣ ሐኪም ካዘዘም በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ከልምምዱ ትንሽ ቀደም ብሎ መውሰድ ለብዙዎች ልዩነት ያመጣል። የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን ግን ከጓደኛ የሚገለበጥ አይደለም።

የጉዳዩ መዝገብ ሲዘጋ ዋጋውም መጻፍ አለበት። ኃይሌ በርሊንን ከ2006 እስከ 2009 አራት ጊዜ፣ ዱባይን ከ2008 እስከ 2010 ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል፤ ሁሉም በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አየር። ለ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ግን ዕድሜም ጊዜም አልጠበቁትም። በፌብሩዋሪ ቶኪዮ ላይ 2፡08፡17 ሮጦ አራተኛ ሆነ፤ ለማራቶኑ ቡድን የሚበቃ ሰዓት አልነበረም። በሜይ ወደ ሄንግሎ ተመልሶ በ10 ሺህ ሜትር ሞከረ። ከአራት ዓመት በፊት 26፡51.20 በሮጠበት በዚያው መም ላይ፣ በ39 ዓመቱ 27፡20.39 ገብቶ ሰባተኛ ወጣ። የኦሊምፒክ ማራቶን ሳይሮጥ ቀረ።